ፕላዝማው ሮዝ ከሆነ ማይክሮ አርኤንኤ አትለኩ

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልናገርና ከዛ ወደ ስራው እንገባለን። ለመመረቂያዬ የማይክሮ አርኤንኤ (ጂኖችን የምትቆጣጠር ደቃቃ የአርኤንኤ ቁራጭ ናት፣ ዝርዝሩ ኋላ ይመጣል) ስራ ስጀምር በሽተኞቼ ኮምቦልቻ ነበሩ፣ ጤነኞቹ ማለትም ኮንትሮሎቹ ደሴ፣ ደሙን አሽከርክሮ የሚለያየው ሴንትሪፉጁም ደሴ። ኮምቦልቻ አንድ ጤና ጣቢያ ጠዋት ጠዋት ደም እንቀዳለን፣ በሲሪንጅ ስበን የቲዩቡን ክዳን በመርፌው ወግተን በጉልበት እየገፋን እንሞላለን፣ ከዛ ቲዩቦቹን የጓንት ካርቶን ውስጥ ደርድሬ ሚኒባስ ላይ ጭኔ ላይ አድርጌ ወደ ደሴ የሚያስወጣውን የሃረጎ ዳገት እወጣለሁ። ሃረጎን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ጠመዝማዛው እንኳን ደምን ሰውንም ያስመልሳል። ደሴ ደርሼ ስፒን ሳደርገው (በሴንትሪፉጅ ሳሽከረክረው) ከላይ የሚቀረው ፈሳሽ፣ ፕላዝማው፣ የገለባ ቢጫ መሆን ሲገባው ብዙዎቹ ላይ በውሃ የቀጠነ ከርከዴ መስሏል። ምን ችግር አለው ብዬ አለፍኩት።

ውጤቱ ሲመጣ ሚር-451 እና ሚር-16 የሚባሉት ማይክሮ አርኤንኤዎች በሽተኞቹ ላይ ጣሪያ ነክተዋል፣ ኮንትሮሎቹ ላይ ዝቅ ብለዋል፣ እኔ ደግሞ በሽታውን የሚለይ ነገር አገኘሁ ብዬ ፒያሳ ለሰው ሁሉ ማኪያቶ ጋብዣለሁ። አንድ አንጋፋ የላብ ሰው ሰንጠረዡን አየት አደረገና "ፕላዝማው ቀለሙ ምን ነበር?" ሲለኝ ነው ሆዴ የተንቦጫቦጨው። ሁለቱም ማይክሮ አርኤንኤዎች ቀይ የደም ሴል ውስጥ የታጨቁ ናቸው፣ ሴሉ ሲፈነዳ ወደ ፕላዝማው ይፈሳሉ። የበሽተኞቹ ደም ሃረጎን ወጥቷል፣ የኮንትሮሎቹ ደም ከክፍል ወደ ክፍል ነው የሄደው። በቃ እኔ የለካሁት በሽታውን ሳይሆን መንገዱን ነበር።

እናም ይሄን የምጽፈው ደሴም ኮምቦልቻም ሆናችሁ እንደዚ አይነት ስራ ለማስገባት ፕሮፖዛል እየጻፋችሁ ላላችሁ ልጆች ነው። የሚለካው ማሽን አዲስ አበባ ይኑር ውጭ አገር ይኑር ብዙ አያሳስብም፣ ስራው የሚበላሸው እዚሁ ቲዩቡ እጃችን ላይ እያለ ነው።

ነገሩ ምንድነው

ከዲኤንኤያችን ፕሮቲን እንዲሰራ ኮድ የያዘው 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከቀረው ውስጥ ብዙው ወደ አርኤንኤ ይገለበጣል ግን ፕሮቲን አይሆንም፣ ኖን ኮዲንግ አርኤንኤ የምንለው እሱን ነው። ዲኤንኤን ቀበሌ ያለ ዋና መዝገብ አድርጋችሁ አስቡት፣ ከክፍሉ አይወጣም። መልእክተኛው አርኤንኤ ፎቶ ኮፒው ነው፣ ኮፒውን የተቀበለ ጉዳዩን ያስፈጽማል፣ ፕሮቲን ይሰራል ማለት ነው። ማይክሮ አርኤንኤ ደግሞ ኮሪደር ላይ ቆሞ ኮፒውን እያየ "ይሄ ለጊዜው ይቆይ" የሚል ሰውዬ ነው፣ አንዳንዱን ይይዘዋል፣ አንዳንዱን ቀዶ ይጥለዋል። ቁመቱ 22 ፊደል ገደማ ብቻ ናት። መጀመሪያ ረጅም ሆኖ ይገለበጥና ኒውክለስ ውስጥ ድሮሻ የሚባል ኢንዛይም ይቆርጠዋል፣ ኤክስፖርቲን-5 ወደ ውጭ ያወጣዋል፣ ዳይሰር ደግሞ ይቆርጠዋል፣ ከዛ አርጎኖት የሚባል ፕሮቲን ላይ ይቀመጥና ከ2ኛ እስከ 8ኛ ባሉት ፊደሎቹ ኢላማውን ይፈልጋል። ፊደሎቹ ጥቂት ስለሆኑ አንዱ ማይክሮ አርኤንኤ ብዙ መቶ ኢላማ ሊኖረው ይችላል፣ ይሄን ያዙት ኋላ እንመለስበታለን።

መጀመሪያ የተገኘው 1993 ላይ 1 ሚሊ ሜትር በምታክል ትል ውስጥ ነው፣ ሊን-4 ይባላል፣ ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ራቭከን ናቸው የሰሩት። የትል ጉዳይ ነው ተብሎ ዞር ብሎ ያየው አልነበረም፣ 2000 ላይ ሌት-7 የሚባለው መጥቶ ሰው ላይም እንዳለ እስኪታወቅ ድረስ። ኖቤሉን 2024 ላይ ወሰዱ፣ ከ31 አመት በኋላ ማለት ነው፣ ስለዚ አድቫይዘራችሁ ፕሮፖዛላችሁን ሶስት ሳምንት ቢያቆየው አብሽሩ።

ሌሎችም አሉ። ከ200 ፊደል በላይ የሆኑት ሎንግ ኖን ኮዲንግ ይባላሉ፣ ከነሱ ኤክሲስት የሚባለው ሴቶች ላይ ካሉት ሁለት ኤክስ ክሮሞዞሞች አንዱን ጸጥ የሚያሰኘው ነው፣ ፒሲኤ3 የሚባለው ደግሞ ከሽንት ተለክቶ የፕሮስቴት ባዮፕሲ ይደገም አይደገም ለመወሰን እንዲረዳ አሜሪካ ውስጥ 2012 ላይ ተፈቅዷል። ክብ የሆኑም አሉ፣ ጫፍ ስለሌላቸው በቀላሉ አይበሰብሱም። እዚህ ግን የማወራው ስለ ማይክሮ አርኤንኤ ነው፣ ደም ውስጥ ከፕሮቲን ጋር ተጣብቀው ወይ በትንንሽ ከረጢት ተጠቅልለው ስለሚዞሩ ከሌላው አርኤንኤ በተሻለ ይቆያሉ፣ የኛ አይነት ሁኔታ ላይ የሚሞከሩትም እነሱ ናቸው።

ምስክር ነው ወይስ ወንጀለኛ?

ፕሮፖዛል ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው ይሄን ነው። ብዙ ልጅ ርዕሱ ላይ "ባዮማርከርና ሜካኒዝም" ብሎ ሁለቱን፣ በሽታውን የሚጠቁመውንና በሽታው የሚመጣበትን መንገድ፣ አንድ ላይ ይጽፋል፣ ስራው ግን የአንዱ ብቻ ነው።

ሚር-122ን ውሰዱ። ጉበት ውስጥ ካለው ማይክሮ አርኤንኤ አብዛኛው እሱ ነው። አንድ ሰው ፓራሲታሞል ከልክ በላይ ቢወስድና ጉበቱ ቢጎዳ ሴሎቹ ሲሞቱ ሚር-122 ወደ ደም ይፈሳል፣ የተለመደው የጉበት ምርመራ ኤኤልቲ ገና ኖርማል እያለ ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። እዚህ ጋ ሚር-122 ምስክር ነው፣ ጉዳቱን እሱ አላደረሰም፣ ቤቱ ሲፈርስ ሮጦ የወጣ ሰው ነው። ያው ሚር-122 ግን ሄፓታይተስ ሲ ላይ ሌላ ሰው ነው፣ ቫይረሱ የራሱን አርኤንኤ ጫፍ በሱ ሸፍኖ እንዳይቆረጥ ይጠብቅበታል፣ ያለሱ በደንብ አይራባም፣ ይሄ እንግዲህ ተባባሪ ነው። ወንጀለኛ ካላችሁ ደግሞ፣ ወይም ጠፍቶ ወንጀል ያስከተለ ዘበኛ በሉት፣ ክሮኒክ ሊምፎሳይቲክ ሉኬሚያ ላይ 13ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለችው ቁራጭ ስትጠፋ ሚር-15ኤ እና ሚር-16-1 አብረው ይጠፋሉ፣ እነሱ ይዘውት የነበረው ቢሲኤል2 (ሴል እንዳይሞት የሚያደርግ ፕሮቲን) ይለቀቃል፣ ሴሉ መሞት ሲገባው አልሞትም ይላል። የሁለቱ መጥፋት 2002 ላይ ነው የታየው፣ ማይክሮ አርኤንኤን ከካንሰር ጋር ያገናኘ የመጀመሪያው ስራ ነው።

ከደም ቀድታችሁ የምትለኩ ከሆነ የምታገኙት ምስክር ነው። ወንጀለኛ ለማለት ሴል ላይ መጨመር፣ መቀነስ፣ የሚጣበቅበትን ቦታ ቀይሮ ማየት ያስፈልጋል። ታርጌትስካን የሚባለው ኢላማ የሚገምት ድረ ገጽ ላይ ስሙን ጽፋችሁ የወጣላችሁን ብዙ መቶ ኢላማ ገልብጣችሁ "ሜካኒዝም" የሚል ርዕስ ስር አታስቀምጡት፣ ግምት ነው እኮ። ርዕሱን "ባዮማርከር" ብቻ በሉትና ተንፍሱ።

የትኛውን ማይክሮ አርኤንኤ እንምረጥ ለምትሉ፣ ሚር-21ን ከመምረጣችሁ በፊት ሁለቴ አስቡ፣ በብዙ ካንሰር ይጨምራል፣ በእብጠትና በልብ በሽታም ይጨምራል፣ ሁሉም ሰርግ ላይ የሚገኝ እንግዳ ነው። እኔ አሁን ደግሜ ብጀምር ቢልሃርዝያ ላይ እሰራ ነበር፣ ምክንያቱም ትሉ የራሱን ማይክሮ አርኤንኤ፣ ለምሳሌ ባንታም የሚባለውን፣ ወደ ሰው ደም ይለቃል፣ ባንታም ደግሞ ሰው ላይ የለም፣ ስለዚ የኛ ቀይ ሴል ቢፈነዳ ባይፈነዳ ከኛ ሴል ባንታም አይመጣም። ከሰገራ እንቁላል ፍለጋ ጋር ማወዳደርም ይቻላል፣ ወሎ ውስጥ በሽታው ያለባቸው ቦታዎችም አሉ።

ደሙን መቅዳት

ከመቅዳታችሁ በፊት ሰውየው የሚፈርመውን ነገር በደንብ አስረዱት። አንዲት እናት "ልጄ፣ ይሄ ደም ለኔ ምን ይነግረኛል?" ብለው ጠየቁኝ። ሊያጓጓ የሚችል መልስ ምላሴ ላይ ነበር ግን "እማማ፣ ለእርስዎ ዛሬ ምንም አይነግርዎትም፣ ውጤትም አልሰጥዎትም፣ ምናልባት ከብዙ አመት በኋላ ለሌላ ሰው ይጠቅም ይሆናል" አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና "እንግዲያው ለመጪዎቹ ይሁን" ብለው እጃቸውን ዘረጉ። እንደዛ ነው መባል ያለበት፣ ማይክሮ አርኤንኤ ለካን ብላችሁ "ካንሰር የለብዎትም" የምትሉት ነገር የለም።

ቲዩቡ ባለ ሐምራዊ ክዳኑ ኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው) ይሁን። አረንጓዴው ሄፓሪን ነው፣ ሄፓሪን ፒሲአሩን፣ ማለትም አባዝቶ የሚለካውን ምርመራ፣ ያፍነዋል፣ ኋላ ላይ ምንም አልወጣም ብላችሁ ታለቅሳላችሁ። ቀዩን ማለትም ሴረም (ደሙ ከረጋ በኋላ የሚቀረው ፈሳሽ) የሚሉም አሉ፣ ይቻላል ግን ደሙ ሲረጋ ፕሌትሌቶቹ (ደም የሚያረጉት ደቃቆች) የራሳቸውን ማይክሮ አርኤንኤ ይጨምሩበታል፣ ስለዚ ግማሹን በሴረም ግማሹን በፕላዝማ አድርጎ ማወዳደር የሚባል ነገር የለም። አንዱን ምረጡ፣ እስከመጨረሻው በሱ ሂዱ።

መርፌው 21 ጌጅ፣ አልኮሉ ይድረቅ፣ ቱርኒኬው ከ1 ደቂቃ አይለፍ፣ ቲዩቡ በራሱ ቫኪዩም ይሙላ፣ በሲሪንጅ ገፍታችሁ አትሙሉ፣ የኔ ግማሹ ጥፋት እሱ ነው። የግድ በሲሪንጅ ከሆነ መርፌውንም ክዳኑንም አውጥታችሁ በቲዩቡ ግድግዳ በቀስታ አውርዱት፣ መርፌውን ስታወጡ እጃችሁን ጠብቁ። ከዛ ከ8 እስከ 10 ጊዜ ቀስ አድርጋችሁ ገልብጡት፣ መነቅነቅ የለም።

ቲዩቡን ፍሪጅ ውስጥ አትክተቱ፣ ቅዝቃዜ ፕሌትሌትን ይቀሰቅሳል። ፕሮቶኮሉ "የክፍል ሙቀት" ይላል፣ ከ18 እስከ 25 ዲግሪ ማለት ነው፣ ግን የየትኛው ከተማ ክፍል? ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ጥቅምት ጠዋት ጦሳ በጉም ተሸፍኖ ክፍሉ ውስጥ ጋቢ ለብሰን ነው የምንሰራው። ኮምቦልቻ ወርዳችሁ ግንቦት ከሰአት ያው "ክፍል" ሌላ አገር ነው። አንድ ርካሽ ቴርሞሜትር ግድግዳው ላይ ስቀሉና ጻፉት።

ስፒን፣ እዚህ ጋ ረጋ በሉ

ደም ከተቀዳ በ1 ሰአት ውስጥ፣ ቢበዛ በ2 ሰአት ውስጥ ስፒን ይደረግ፣ ዋናው ግን ሁሉም ናሙና ላይ ተመሳሳይ ይሁን። በሽተኛው 2 ሰአት ኮንትሮሉ 10 ደቂቃ ከሆነ ያው የኔን ታሪክ ደገማችሁት።

ወረቀቶች ላይ 1,500 ጂ (ከመሬት ስበት ስንት እጥፍ እንደሆነ) ይላል፣ የኛ ሴንትሪፉጅ ላይ ያለው ቁልፍ ግን አርፒኤም (በደቂቃ ስንት ዙር) ነው፣ እና ብዙ ሰው "3,000 ላይ አዙረው" ይላል። 3,000 የት ላይ? ከመሃሉ እስከ ቲዩቡ ታች ያለውን ርቀት በማስመሪያ ለኩ፣ በሴንቲ ሜትር። እሱን በ0.00001118 አባዙ፣ ከዛ አርፒኤሙን በራሱ አባዝታችሁ የወጣውን በሱ አባዙት፣ ጂ ይወጣል። ርቀቱ 15 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 3,000 አርፒኤም 1,509 ጂ ይሆናል፣ ጥሩ ነው። ርቀቱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነች ትንሽ ሴንትሪፉጅ ላይ ግን ያው 3,000 አርፒኤም 1,006 ጂ ብቻ ነው። አንድ ቁጥር፣ ሁለት የተለያየ ፕላዝማ።

15 ደቂቃ አዙሩ፣ ብሬኩን አጥፉት፣ በራሱ ይቁም። መብራት መሃል ላይ ከጠፋ (ይጠፋል) ክዳኑን አትክፈቱ፣ ሲመጣ ከዜሮ ጀምራችሁ ሙሉውን አዙሩና ቅጹ ላይ ጻፉት። ፕላዝማውን በፒፔት ስትወስዱ ቀዩና ቢጫው መሃል ያለችውን ነጭ ስስ ንብርብር አትንኳት፣ ከሷ በላይ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ፕላዝማ ትታችሁ አቁሙ። ያሳዝናል አውቃለሁ፣ የመጨረሻዋን ጠብታ ለማውጣት እጅ ይበላል፣ ግን ያቺ ጠብታ ውስጥ ነው ነጭ ሴልና ፕሌትሌት ያለው።

ከዛ ወደ አዲስ ቲዩብ አዙራችሁ ሁለተኛ ስፒን፣ ከ2,000 እስከ 3,000 ጂ፣ 15 ደቂቃ። ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል። መዝለል የማይቻለው ፕሌትሌቶቹ በመጀመሪያው ስፒን ሙሉ በሙሉ ስለማይወርዱ ነው፣ ፍሪዘር ስትከቱት ይሰነጠቃሉ፣ ሚር-223 እና ጓደኞቹ ይፈሱና ከቀለጠ በኋላ ስፒን ብታደርጉት ውሃ ከፈሰሰ በኋላ ማሰሮ መክደን ነው። ከማቀዝቀዛችሁ በፊት ነው የሚደረገው።

ቀለሙን ማየት

እያንዳንዱን ቲዩብ ነጭ ወረቀት ፊት፣ መስኮት ጋ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ኮዱ ይታይ የሰውየው ስም አይታይ። ሮዝ ከሆነ ይውጣ፣ አትከራከሩ። ዓይን ግን ትንሹን አይለይም፣ ስለዚ ናኖድሮፕ (ናሙናው ስንት ብርሃን እንደዋጠ የሚለካ ማሽን) ያለበት ቦታ ለምናችሁም ቢሆን 414 ናኖ ሜትር ላይ አንብቡ፣ ከ0.2 በላይ ከሆነ ቀይ ሴል ፈንድቷል ብላችሁ ጠርጥሩ። ቅባት የበዛበት ምግብ በልቶ የመጣ ሰው ፕላዝማው ወተት ይመስልና ንባቡን ያሳስታል፣ ከተቻለ ቁርስ ሳይበሉ ይምጡ።

ሶስተኛው ማጣሪያ ፒሲአር ላይ ነው። ሚር-23ኤ በቀይ ሴል መፈንዳት ብዙ አይለወጥም፣ ሚር-451ኤ ይዘላል። የሚር-23ኤን ሲቲ (ፒሲአሩ ምልክት ያየበት ዙር፣ ብዙ ሲኖር ቁጥሩ ያንሳል) ወስዳችሁ የሚር-451ኤን ቀንሱበት፣ ከ5 በታች ከሆነ ደህና ነው፣ ከ5 እስከ 7 አጠራጣሪ፣ ከ7 በላይ ከሆነ ያ ናሙና መንገድ ነው የሚለካው።

ማስቀመጥና መላክ

በ200 ማይክሮ ሊትር ከፋፍላችሁ አስቀምጡ፣ አንዱን አንዴ ብቻ ታቀልጣላችሁ። ማይነስ 80 ነው የሚያስፈልገው፣ የሰፈር ሱቅ አይስክሬም የሚያስቀምጥበት ዲፕ ፍሪዘር ማይነስ 20 ገደማ ነው፣ ለጥቂት ቀን እንጂ ለአመት አይሆንም። መብራት ሲጠፋ በሩን አትክፈቱ፣ "ደህና ነው እንዴ?" ብሎ ለማየት የሚከፍት ሰው ነው የሚያበላሸው።

አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መኪናው ከሚሴና ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ፣ የክትባት ካሪየር በአይስ ፓክ ለዛ መንገድ አይበቃም፣ አይስ ፓክ ዜሮ አካባቢ እንጂ ማይነስ 80 አይደለም። ድራይ አይስ ፈልጉ፣ በኮምቦልቻ አውሮፕላን ከላካችሁ አስቀድማችሁ አስታውቁ፣ ድራይ አይስ ጋዝ ስለሚለቅ ሳጥኑ አየር መውጫ ይኑረው። ላም የሚያዳቅሉ ቴክኒሻኖች የሚይዙትን የናይትሮጅን ጋን አይታችሁ ልትቀኑ ትችላላችሁ፣ እኔም ቀንቻለሁ፣ ግን ቲዩብ ፈሳሹ ውስጥ ከነከራችሁት ስታወጡት ሊፈነዳ ይችላል፣ የተዘጋ መኪና ውስጥ ደግሞ ጋዙ አየር ያሳጣል።

ላቡ ውስጥ

እዚህ ባጭሩ፣ ኪቱ የራሱ መመሪያ አለው። ከ200 ማይክሮ ሊትር ፕላዝማ የሚወጣው አርኤንኤ በጣም ትንሽ ስለሆነ የናኖድሮፕ ቁጥር አትመኑ፣ ከሁሉም እኩል መጠን ውሰዱ። ሊን-4 የተገኘባትን የዛችን ትል ሚር-39 ሰው ሰራሽ ቅጂ እንደ መቆጣጠሪያ ስትጨምሩ መጀመሪያ ማፍረሻውን ፈሳሽ ፕላዝማው ላይ አድርጉ፣ ከዛ ነው እሷ የምትገባው፣ እርቃኗን ፕላዝማ ውስጥ ከገባች ኢንዛይሞቹ ወዲያው ይበሏታል። ማይክሮ አርኤንኤ ራሱ የተራ ፕራይመር (ፒሲአሩን የሚያስጀምር ቁራጭ) ያህል ስለሆነ ስቴም ሉፕ ፕራይመር ወይም ጭራ የሚቀጥል ዘዴ ያስፈልጋል።

ማወዳደሪያ (ሁሉም ናሙና ላይ የማይለዋወጥ መነሻ) የሚሆነው የትኛው ነው የሚለው ላይ ብዙ ጭቅጭቅ አለ። ዩ6 የሚባለው ሌላ ትንሽ አርኤንኤ ሴል ላይ ጥሩ ነው ፕላዝማ ላይ አይታመንም። የሚገርመው ብዙ ሰው ሚር-16ን ማወዳደሪያ ያደርጋል፣ ያው ቀይ ሴል ውስጥ የታጨቀውን! ጥቂት እጩ ወስዳችሁ በራሳችሁ ናሙና ላይ የማይዋዥቁትን ሁለት ሶስቱን አማካይ ውሰዱ። ሂሳቡ ከባድ አይደለም፣ አንድ ሲቲ ማነስ እጥፍ መሆን ነው፣ ከማወዳደሪያው ተቀንሶ በሽተኛው 4 ኮንትሮሉ 6 ከወጣ ልዩነቱ 2 ነው፣ ሁለት ጊዜ እጥፍ፣ ማለትም 4 እጥፍ።

ኮንትሮሎቻችሁ ደግሞ 22 አመት የግቢ ተማሪዎች አይሁኑ። ሀኪሙ የሚቸገረው በሽተኛውን ከጤነኛ ለመለየት ሳይሆን፣ ያው ህመም ይዞት መጥቶ ሌላ በሽታ ካለበት ሰው ለመለየት ነው።

እኔ ስራውን ደግሜ ስሰራ ትንሿን ሴንትሪፉጅ ኮምቦልቻ አወረድኳት፣ ርቀቷን ለክቼ አርፒኤሟን አስተካከልኩ፣ በሽተኛም ኮንትሮልም ከሁለቱም ከተማ ወሰድኩ። የሚር-451 ልዩነት ጠፋ፣ ማኪያቶው ግን አልተመለሰልኝም። ቅጹ ላይ አሁን የተቀዳበት ሰአት፣ ስፒን የተደረገበት ሰአት፣ የክፍሉ ሙቀት፣ ማን ቀዳው፣ 414 ላይ ስንት አነበበ የሚሉ ሳጥኖች አሉ፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ "ናሙናው በምን መጣ" የሚል አለ፣ ምርጫዎቹም በእግር፣ በባጃጅ፣ በሚኒባስ ናቸው።